ተቀባይ ያጣው የአውድማ ዘፈን

ከንፋስ መውጫ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቅ ጎጥ ውስጥ ሳቅ የማይጠፋበት ቤት ነበር። አባወራው አቶ ጥሩነህ ገብስ ሲወቁ በሬዎቻቸውን በዘፈን ያባብላሉ፤ ሚስታቸው ማንአለሽ ካውድማው ዳር ሆና ትቀበላቸዋለች። ጎረቤቱም «በዚህ ቤት ያልዘፈነ በሬው ብቻ ነው!» እያለ ይስቃል። ግን ደስታ መቼ ረግቶ ይቀመጣል? ማንአለሽ በሦስት ቀን ሕመም አረፈች… አቶ ጥሩነህ ከቀብር ሲመለሱ «ከእንግዲህ ተቀባይ የለኝምና አላዜምም» ብለው ማሉ። አራት መኸር አለፈ፤ በሬዎቹ በዝምታ ዞሩ። ወይ ነዶ!

አንዲት ልጃቸው የትናየት አዲስ አበባ ፒያኖ ተምራ ተመርቃ፣ ንፋስ መውጫ ሙዚቃ ታስተምራለች። አንድ ቀን ውጭ አገር በፒያኖ አጃቢነት ማስተርስ ልትማር እንዳመለከተች ነገረቻቸው።

«ሌላው ሊዘፍን፣ አንቺ ከኋላ ልትከተይ? ለዚህ ማስተርስ?»

«አዎ አባየ። ዘፋኙ ሲተነፍስ አብሮ መተንፈስ፣ ሲሳሳት መሸፈን ነው ትምህርቱ።»

«እናትሽ ታዲያ ሳትማር ዶክተር ነበረቻ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ወዲያውም ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ።

ለመግቢያ ፈተናው የቀራት አንድ ቪዲዮ ነበር፤ ያገሯን ዘፈን የሚዘፍን ሰው አጅባ፣ ሳይቆራረጥ መቅረጽ። ቀነ ገደቡ ቅዳሜ ማታ ነው። ልትዘፍንላት ቃል የገባችው የሥራ ባልደረባዋ አዜብ ግን ቅዳሜ ጧት አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ መጣች። በእህቷ ሠርግ እልል ስትል ድምፅዋ ተዘግቷል!

«ይ…ቅርታ…» አለች፤ እንደ ዶሮ ጫጩት።

የትናየት አለቀሰች። የአምስት ዓመት ልፋቷ በአንድ እልልታ ይቅር? እንባዋን ጠረገችና በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ኪቦርድ ከአዜብ ጋር ተሸክማ ወደ አባቷ አውድማ ገሠገሠች።

«አባየ፣ ዛሬ ካልዘፈኑልኝ ትምህርቱ ቀረ።»

«መሐላ አለብኝ ልጄ! እንዴት ላፍርሰው?»

«ተቀባይ የለኝም ብለው አይደል የማሉት? ይኸው መጣሁልዎ።»

ሽማግሌው መንሹን ክምሩ ላይ ሰኩ። ከዚያ ጅራፋቸውን አንስተው…

«ዙርልኝ በሬ፣ ዙር ባውድማው ላይ፣
ገብሱ ጎተራ፣ ገለባው ሰማይ።»

የትናየት ተከተለቻቸው። ማንአለሽ ትመልስበት ከነበረው ስንኝ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ተሰበረ። በሬዎቹም ቆሙ። ኧረ ያን ዝምታ በምን ቃል ልግለጸው! ሌላ ሰው ቢሆን ክፍተቱን ለመሙላት በተጣደፈ፤ እሷ ግን ጣቶቿን ከኪቦርዱ ሳታነሳ፣ የአባቷን ደረት እያየች ጠበቀች። ደረታቸው ሲነሳ አብራ ተነፈሰች፤ አብረውም ወደ ስንኙ ገቡ። መሀል ላይ አንዱ በሬ አጓራ። ስልክ ይዛ የምትቀርጸው አዜብ እንባዋን በሻርፗ ጠረገች።

«እናትሽ ትቸኩልብኝ ነበር፤ አንቺ ግን ጠበቅሽኝ» አሉ አቶ ጥሩነህ፣ እየሳቁም እያለቀሱም።

በሁለተኛው ወር መልስ መጣ። ተቀብለዋታል! «ዘፋኙን የጠበቅሽበት ዝምታ አሳመነን፤ መሀል ላይ የገባው ያ ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ ግን ምን ይባላል?» የሚል ጥያቄም አስከትለዋል። አቶ ጥሩነህ ይህ ሲነበብላቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ቀንድ ያለው ነው በያቸው!»

ነሐሴ ላይ ሚኒባስ ተራ ሸኟት። አቅፋቸው «ማን ይቀበልዎታል አባየ?» ብላ ስትንሰቀሰቅ፣ «ሂጂ፤ እኔ አገር ሙሉ ሰው አለኝ» አሏት። ዋሽተው ነበር። ሚኒባሱ ከዓይናቸው ሲሰወር ብቻቸውን፣ በጭቃው መንገድ፣ ያንኑ የአውድማ ዘፈን ያለ ወቅቱ ጀመሩ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች መጀመሪያ ተሳሳቁባቸው… ቀጥሎ አንዷ ሸክሟን እንዳዘለች ተቀበለቻቸው፤ ከዚያም ሁሉም።

አንባቢ ሆይ፣ ሞት የወደደውን ይወስዳል፤ ማን ይከለክለዋል? የቀረው ሰው ግን አንድ ነገር አይነፈግም፤ ድምፁን ካወጣ፣ ከማያውቀው መንገደኛ አፍ እንኳ ቢሆን መልስ ይመጣለታል።