የማትስቀዋ ሚስት

ያ ቤት የሳቅ ቤት ነበር። ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት ያላት፣ ግድግዳዋ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ቤት ናትና፣ የሚስትየዋ ሳቅ ሲፈነዳ ጎረቤት ሥራውን አቁሞ «ደግሞ ዛሬ ምን አላት?» ይል ነበር። ባሏ ኮሜዲያን ነው። ከቅጥነቱ የተነሳ ሰው ሁሉ «ሽቦ» ይለዋል፤ በመድረክም የሚታወቀው በዚሁ ስምና ቅንድቡን አንስቶ፣ የታች ከንፈሩን እያንቀጠቀጠ በሚያመጣው አስቂኝ የልቅሶ ፊቱ ነው። ከከተማ ከተማ እየዞረ ሰው ማሳቅ ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። እሷ ደግሞ ላውንደሪ ቤት ተቀጥራ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ትውላለች። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለቻቸው። ከዚህ ሌላ ይህ ነው የሚባል ሀብት አልነበራቸውም፤ ግን ማን ከእነሱ በላይ ሀብታም ነበር? እንዲህ ያለውን ቤት ሐዘን በየት በኩል ይገባዋል? ... ወይ የሰው ነገር! ሐዘንም የገባው በዚያው በሳቅ በር ነበር።

ሽቦ አንድ የማይለውጠው ልማድ ነበረው። አዲስ ቀልድ ሲያፈልቅ፣ መድረክ ላይ ከማውጣቱ በፊት ወጥ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታው ዕቃ ታጥባለች። ፊቱን ሳታይ፣ እጁን ሲያወራጭ ሳታይ፣ ቃሉን ብቻ እንድትሰማ ነው። የያዘችውን ዕቃ አስቀምጣ ከሳቀች ቀልዱ አለፈ፤ ዕቃውን እንደያዘች ከሳቀች ጥቂት መጠገን ያሻዋል፤ ጭራሽ ካልሳቀች ግን የተጻፈበትን ወረቀት እዚያው ይቀድደዋል። «እሜቴ ያልሳቀችበትን ለሕዝብ አላቀርብም» ይል ነበር። በዚህ ሚዛን ያለፈ ቀልድ ከጀመረ አንስቶ አንድም ቀን አላሳፈረውም።

ሳሉ የጀመራት በዝናቡ ወራት ነው። መጀመሪያ «ብርድ ነው» አለች፤ ቀጥላ «የካውያው እንፋሎት ነው» አለች። አንድ ቀን ግን ስትስል አፏን የያዘችበት መሐረብ ቀልቶ አገኘችው። ሐኪም ቤት ሄዳ ራጅ ተነሳች። ዶክተሯ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ነገር ማድበስበስ የማይወዱ ሴት ነበሩ።

«ሳንባሽ ውስጥ ቁስል አለ፣ ልጄ» አሏት። «ቁስሉ ያለው ደም ስር አጠገብ ነው። ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል፤ ከሦስት ወር ማለፍ የለበትም። እስከዚያ ድረስ የሚያስልሽን ነገር ሁሉ ራቂ። ሩጫ፣ ጩኸት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳቅ። ከልብ የሚሳቅ ሳቅ ለአንቺ መርዝ ነው። ያ ደም ስር አንዴ ከተበጠሰ እኛም አንደርስልሽም።»

«ባልሽ ምን ይሠራል?» አሏት፤ የሚንከባከባት ሰው እንዳለ ለማወቅ ነው።

«ሰው ያስቃል» አለችና፣ ነገሩ ለራሷ ገርሟት ሳቅ አፈናት። ከሳቁ ኋላ ሳሉ ተከተለ። ዶክተሯ ደንግጠው ከወንበራቸው ተነሱና ትከሻዋን ያዙ።

«ይኸው! እሱን እኮ ነው የምልሽ!»

ወደ ቤቷ ስትመለስ ዛሬውኑ ልነግረው ነው ብላ ቆርጣ ነበር። ሽቦ ግን ደጃፍ ላይ እየዘለለ ጠበቃት። «እሜቴ! አሥራ አንድ ከተማ! አራት ወር! ትልቁ አዘጋጅ ራሱ ነው የደወለልኝ!» ፊቱ እንደ ሕፃን ልጅ ፊት በርቶ ነበር። እንዴት አድርጋ ትንገረው? ከአምስት ዓመት በፊት እናቱ የታመሙ ጊዜ ጉዞውን በእኩሌታው ጥሎ መጥቶ፣ «ቃሉን የማይጠብቅ» ተብሎ አራት ዓመት ሙሉ የሚጠራው አጥቶ ነበር። ያኔ የሆነውን እሷ ታውቃለች። ያ ተጫዋች ሰው ግድግዳ እያየ ሲውል፣ በረባ ባልረባው ልጁ ላይ ሲጮህ፣ በቁሙ ሲሞት አይታለች። አሁንም ብትነግረው ሁሉን ትቶ አጠገቧ እንደሚቀር አልተጠራጠረችም። ከዚያ በኋላስ ማን ይጠራዋል? «ሦስት ወርና አራት ወር፣ ልዩነቱ አንድ ወር ነው» አለች በልቧ። «አንድ ወር ምን አላት?» ... አንድ ወር ስንት ነገር እንደምትሸከም ማን በነገራት!

በማግስቱ እሷ ከሥራ ተመልሳ ዕቃ ስታጥብ፣ ሽቦ ወረቀቱን ይዞ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ራጅ ልነሳ ሐኪም ቤት ሄድኩላችሁ። ባለሙያው ‹ሸሚዝህን አውልቅ› አለኝ። አወለቅሁ። ከላይ እስከ ታች አየኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ልበስ፣ ጨርሻለሁ!›»

ራጅ! ከዓለም ነገር ሁሉ ራጅ! ሳቁ ከሆዷ ተነስቶ ደረቷ ላይ ሲደርስ ተሰማት። የጉንጯን ውስጥ ነከሰች። የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ አጠበች፤ ደግማም አጠበችው። ከኋላዋ ባሏ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

«አላሳቀሽም?»

«እንጃ... ደክሞኝ ነው መሰለኝ።»

ወረቀቱ ሲቀደድ ሰማች። በነጋታው ሁለት ቀልድ አመጣ፤ ሁለቱም ተቀደዱ። በአምስት ቀን ውስጥ ሰባት ቀልድ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሞተ። ሰባተኛውን ከቀደደ በኋላ ሽቦ ከበሩ አልተነቃነቀም።

«እሜቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ቀልዱ ነው የማያስቀው ወይስ እኔ ነኝ ያስጠላሁሽ?»

ብትዞር ዕንባዋን ሊያይ ነው። አልዞረችም። «ሰው ሁልጊዜ ይስቃል እንዴ? ተወኝ በቃ!» አለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷ እንኳ መረራት። ሽቦ ሄዶ ሻንጣውን አዘጋጀ። ሊጓዝ ሲወጣ ልጁን አገላብጦ ሳመ፤ ሚስቱን ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ እንደ ጎረቤት ተሰናበታት።

በመጀመሪያው ከተማ በእጁ የቀረውን አሮጌ ቀልድ ቢጥል ሰው አዛጋ። በሁለተኛው ከተማ ከኋላ ማፏጨት ተጀመረ። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይባላል፤ ለሽቦ በእጁ የተሰጠው ማይክሮፎን ነበር።

«ሚስት አለችኝ» አለ ድንገት። «ጥርሷን የማየው ስትቦርሽ ብቻ ነው!» አዳራሹ ተንጫጫ። «ፎቶ ቤት ወሰድኳት። ፎቶ አንሺው ‹ፈገግ በይ› አላት። እስክትፈግግ ሲጠብቅ ሰውዬው ጡረታ ወጣ!»

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል? ሦስተኛው ከተማ አዳራሹ ሞላ፤ በአራተኛው ቆሞ የሚያይ ሰው በዛ። «የማትስቀዋ ሚስት» በየሰው ስልክ ገባች። ላውንደሪ ቤት ውስጥ አንዷ የሥራ ባልደረባዋ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። «ስሚማ፣ ባልሽ እኮ ጉድ ሠራሽ!» ሁሉም ካውያውን አቁሞ እሷን እሷን ያያል። ሰማችው። ልቧ ተቆረጠ፤ ግን የሚያስለቅሰው ይህ ብቻ አልነበረም። ያስቃል! ከሠራቸው ሁሉ ይበልጥ ያስቃል! በጤናዋ ዘመን ቢሆን መሬት ላይ ተቀምጣ በሳቀችበት ነበር። ጥርሷን ነክሳ ስትታገለው፣ የምትተኩሰው ሸሚዝ ኮሌታው ላይ ተቃጠለ።

ልጅቷ የሐኪም ቤቱን ወረቀት ያገኘችው አባቷ በሄደ በሳምንቱ ነው። «ልደውልለት፣ እማዬ» እያለች እግሯ ላይ ትወድቃለች። «አገር ሁሉ እየሳቀብሽ ነው እኮ!»

«ይሳቅ። እሱ ብቻ ሥራውን ይሥራ።»

«ብትሞቺስ?»

«አልሞትም። ሲመለስ እታከማለሁ። ከዚያ በፊት አፍሽን ከከፈትሽ ግን ልጄ አይደለሽም!»

እንዲህ ያለ ቃል በልጅ አንገት ላይ ይታሰራል? ልጅቷ ዕንባዋን እየዋጠች ቃል ገባች። ሦስቱ ወር አለቀ። ዶክተሯ ሁለት ጊዜ ደውለው ተቆጡ። በመጨረሻም የኦፕራሲዮኑ ቀን ተቆረጠ። የሽቦ የመጨረሻ ዝግጅት በገዛ ከተማቸው እሑድ ከሰዓት ነው፤ እሷ ማክሰኞ ሐኪም ቤት ትተኛለች። ጭንቁ ሊያልፍ ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ደወለላት።

«ሰማሽው አይደል? ... ተቀየምሽኝ?»

እንድትቆጣው፣ እንድትሰድበው ለምኖ ነበር በልቡ። እሷ ግን ረጅም ንግግር ሳል ያመጣባታል። «ሰው ከሳቀ ይሁን» አለች ባጭሩ። ሽቦ ይህን እንደ ቅዝቃዜ ቆጠረው።

«እንግዲያው አዘጋጁ ሌላ ስድስት ወር አምጥቷል። እሑድ አቅርበን ሰኞ በጠዋት እንነሳለን። ቤት አልመጣም። የሚፈልግህ ሰው አለ ካልሽኝ ግን እቀራለሁ። አሁን ንገሪኝ፣ እሜቴ።»

አለ ልትለው አፏን ስትከፍት ሳሉ አነቃት። እንዳይሰማባት ስልኩን ዘጋችው። እሱ የሰማው ስልኩ መዘጋቱን ብቻ ነው።

እሑድ ከሰዓት የመውጫ ልብሷን ለበሰች። ልጅቷ እጇን ዘርግታ በሩ ላይ ቆመችባት። «ማክሰኞ እስኪደርስ እንኳ ታገሺ እማዬ!» እናትየዋ በቀስታ እጇን አነሳችላት። «ማክሰኞ እሱ ሄዷል። ደግሞ አልስቅም፤ አራት ወር ሙሉ ተለማምጄዋለሁ። ይየኝ፣ ሲጨርስ ሁሉን እነግረዋለሁ።»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሽቦ በጭብጨባ ወጥቶ «ሚስት አለችኝ» ብሎ ሲጀምር ዓይኑ ዓይኗ ላይ አረፈና ቃሉ ጠፋበት። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ሽቦም የሚይዘው ቢያጣ ጣቱን ቀሰረ።

«ጉድ ፈላ! እሷው ራሷ መጥታለች!»

አንድ ሺህ ራስ ዞረ። ከኋላ አንዱ «ሳቂ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተቀበለው። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ እያጨበጨበ «ሳቂ! ሳቂ! ሳቂ!» ይል ጀመር። ከንፈሯን ነከሰች፤ የወንበሩን ክንድ ጨመቀች። የጥርሷን፣ የፎቶ አንሺውን ቀልድ ስትጠብቅ፣ ለሁሉም ተዘጋጅታ ነበር። ሽቦ ግን ወደ መድረኩ ጠርዝ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ዓይኑ ዕንባ አቅርሯል።

«እሜቴ፣ አታስለቅሺኝ» አላት። «ካለቀስኩ ኪሎዬ ይቀንሳል፣ ከቀነሰ ደግሞ የሚቀር ነገር የለኝም!»

ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር። ይህ የመድረኩ ሰው አይደለም፤ ይህ ባሏ ነው። ሳቁ ፈነዳ! ወራት ሙሉ ያመቀችው ሳቅ፣ ያ ጎረቤት የሚያውቀው ሳቅ፣ ከአዳራሹ ሁካታ በላይ ተሰማ። ሽቦ በደስታ ብድግ አለ። ልጅቷ ግን ወንበር ላይ ወጥታ ጮኸች።

«አባዬ አታስቃት! ሐኪም ከልክሏታል! ሳቅ ይገድላታል!»

አዳራሹ ይህን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። እንዴት ያለች ልጅ ናት! የአባቷ ልጅ! ብለው አጨበጨቡላት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የልጁን ድምፅ የሚያውቀው ሽቦ ብቻ ነበር። ማይክሮፎኑን ጥሎ ዘለለ። ሲደርስ እሷ አሁንም እየሳቀች ነበር፤ የያዘችው መሐረብ ግን ቀይ ሆኖ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ዓይኗን ገለጠች። ዶክተሯ የሚቻላቸውን ሁሉ አድርገው ወጥተዋል። ሽቦ እጇን ይዞ መሬት ላይ ተንበርክኳል።

«ለምን... ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሥራህን ትተህ ትቀራለህ ብዬ።»

«ብቀርስ!»

ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ ለረጅም ጊዜ ስታስብበት የቆየችውን ነገር ነገረችው። «ሰባቱም ያስቁ ነበር። ለምን ቀደድካቸው?» ... ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ሽቦ የተቀደዱትን ሰባት ቀልዶች አንድም ሳይቀር ያስታውሳል። ሲጨንቀው ቅንድቡ እየተነሳ፣ የታችኛው ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ የሚያለቅስበት ፊት ደግሞ ያው ሰው በመድረክ የሚስቅበት ፊቱ ነው፤ ሰው ከፍሎ ያየዋል። መቃብሯ ላይ ያ ፊት ሳይጠራ መጣ። አፈሩ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ከለቀስተኛው መካከል አንዱን ሳያስበው ሳቅ አመለጠው፤ ሌላዋም አፏን ይዛ ዞረች። ክፉ ሆነው አይደለም፤ አሥራ ስምንት ዓመት ያስተማራቸው እሱ ነው። ማን ይወቀሳል? ለፍቅር ብላ ዝም ያለችው? ዝምታዋን ጥላቻ አድርጎ የቆጠረው? ቃሏን የጠበቀችው ልጅ? ዕጣ ፈንታ አንዳንዴ ክፉ ሰው ሳያስፈልገው ቤት ያፈርሳል፤ የሚዋደዱ ሰዎች መደባበቃቸው ብቻ ይበቃዋል።

ልጅቷ ሁለት ቀን ሙሉ ለአባቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ሳቁን ስትሰማ ግን ሰዉን እየገፋች መጣች፤ ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ ፊቱን ሸፈነችለትና ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስጠጋች።

«አልቅስ፣ አባዬ» አለችው። «አሁን ማንም አያይህም።»