የመሪጌታ መዳፍ

መሪጌታ መርስዔ ኀዘንን ሳምባ ምች ጥሏቸው ከዘጌ በጀልባ ባሕር ዳር ካመጧቸው ወዲህ፣ ልጃቸው የሻሽወርቅ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል አልወጣችም። በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል። እርሷ የምታየው ግን የአባቷን ደረት ብቻ ነበር፤ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል።

መንግሥት ከአዲስ አበባ የመደበው ወጣት ሐኪም ዳኘው መጣ። መግል ሳምባቸውን ከቦታል፤ ጎናቸው ተበስቶ መውጣት አለበት። ሰውነታቸው የማይችለው ከሆነ ግን መብሳቱ ሥቃይ ማብዛት ነው።

«ሳይታመሙ በፊት እንዴት ነበሩ? ይሄዳሉ? ይሠራሉ?»

የሻሽወርቅ አንገቷን ደፋች። በአገሯ የሽማግሌ ብርታት ለእንግዳ አይነገርም፤ ዓይን ያርፍበታል።

«ደካማ ናቸው» አለች። «ከቤትም አይወጡ።»

ዳኘው የሑዳዴ ጾም ያከሳውን ገላ አየና አመናት።

«እንግዲያው ባንነካቸው ይሻላል» አለ በዝግታ። «ቤታቸው ይረፉ።»

ብትናገር ዓይን አለ፤ ዝም ብትል ሞት።

ዳኘው የልብ ምታቸውን ሊቆጥር እጃቸውን አነሣ። መዳፋቸውን ገልብጦ ቆየ። እንደ ቀንድ ደርቋል።

«ይህ ምን ያደረገው ነው?»

የአባቷን ፊት አየች። እርሱም አልቸኮለም።

«መቅዘፊያ» አለች በመጨረሻ። «እስከ ጾሙ መግቢያ ታንኳውን ራሳቸው ይቀዝፉ ነበር። ማኅሌት ቆመው ያነጋሉ። ዳገት ላይ እኔን ይቀድሙኛል።»

«እንግዲያው መብሳቱን ይችሉታል» አለና ነርሷን መሣሪያ እንድትቀቅል አዘዘ። «ታዲያ ለምን ደካማ ናቸው አልሽኝ?»

«ዓይን ፈራሁ።»

«የማንን ዓይን?»

«የእርስዎን።»

«የእኔስ ከመጣሁ ጀምሮ እሳቸው ላይ አላረፈም» አለና፣ ያለውን ራሱ ሰምቶ አፈረ።

ነርሷ እናትዓለም ከበሩ ላይ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ጓድ ዶክተር፣ መሣሪያው ተቀቅሏል፤ ወሬው ይቆይልን» አለች።

መግሉ ወጣ። ትኩሳቱ ለቀቀ። መሪጌታ ዓይናቸውን ገልጠው ዳኘውን አልጋቸው አጠገብ ደጋግመው ሲያዩት፣ «ይህ ልጅ ሌላ በሽተኛ የለውም?» ብለው ጠየቁ። የሻሽወርቅ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ሳቀች፤ ሳቁም እንባ ሆነባት።

ከትንሣኤ በኋላ የዳኘው ሽማግሌዎች ዘጌ ደረሱ። መሪጌታ እንግዶቹን ከቡናው ዛፍ ጥላ አስቀምጠው ወደ ልጃቸው ገቡ።

«ይህ ሐኪም እንዴት ያለ ሰው ነው?»

የሻሽወርቅ አንገቷን ደፋች።

«ደካማ ነው፣ አባቴ። ምንም አይረባም።»

መሪጌታ ትክ ብለው አይተዋት ፈገግ አሉ። ከዚያ መቋሚያቸውን ሳይዙ፣ ቀጥ ብለው ወደ ሽማግሌዎቹ ወጡ።

«እሺ ብለናል» አሉ። «ልጄ ከዓይን ልትሰውረው ጀምራለች።»