ክብ ሆነው የቀሩ ክቦች

ሃዋኒን ከምንም በላይ የሚያንገበግባት ያ ጥያቄ ነበር፤ ዛሬም መጣ።

«እውነቱን ንገሪኝ እስቲ፣» አሉ የፊዚክስ መምህሯ ቲቸር ነገራ፣ የላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ የዘረጋችውን የላሜራ መጫኛ ሥዕል በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ። «ይሄን አጎትሽ ናቸው የሠሩልሽ፣ አይደል?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት!»

«ኦቦ ቀጀላ የብረት ሥራ ቤት ስላላቸው እኮ ነው።»

«አጎቴ ቤቱንና ክሪኩን አዋሰን እንጂ ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ልፋቱ የእኔና የጣቢታ ነው።»

«እሺ፣ እሺ፣ አትቆጪ፣» አሉ፤ ወጥ ሠራሁ ብላ አፈር ያማሰለች ሕፃን የሚያባብሉ ይመስል። ሃዋኒ አንጀቷ አረረ። የአሥረኛ ክፍል ሴት ልጅ ስለ ብረት ካወራች ከጀርባዋ የሆነ ወንድ ቆሟል ማለት ነው፤ እንዲህ የማያስብ ሰው አምቦ ውስጥ ካለ እሷ ገና አላገኘችውም።

ጣቢታ ካርቶን አቅፋ እያለከለከች ደረሰች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የማይነጣጠሉ ጓደኛሞች ናቸው። ጣቢታ የቤተ ክርስቲያን ኳየር ዘማሪ ስለሆነች ስታንሾካሹክ እንኳ ጎረቤት ይሰማታል። ዛሬ ግን ወደ ጓደኛዋ አላየችም። ካርቶኑን ከፍታ የሚያብለጨልጭ ጎድጓዳ የአልሙኒየም ሳህን አወጣች። ከአፉ እስከ ታቹ በጥቁር ማርከር ትንንሽ ክቦች ተሥለውበታል።

ቲቸር ነገራ ሳህኑን ተቀብለው አገላበጡት። «እንዴ! አንድ ሽብሽብ እንኳን የለበትም! በቃ፣ ዓርብ በዩኒቨርሲቲው ጉደር ካምፓስ በሚደረገው የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ አውደ ርዕይ ትምህርት ቤታችንን የምትወክሉት እናንተ ናችሁ።» ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ለዳይሬክተሩ ሊነግሩ እየተጣደፉ ወጡ።

ሃዋኒ ግን ደስ አላላትም። ሁለቱ የሠሩት ሳህን ትናንት ተቀድዶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦቦ ቀጀላ ጠፍጣፋ ላሜራ ወደ ጎድጓዳ ሲለውጥ አንዳንዱ ይቀደድበታል፣ አንዳንዱ እንደ ቆርኪ ጠርዝ ይሸበሸብበታል። ሃዋኒ የሚጫነው ብረት ሲገፋው ላሜራው ምን እንደሚሆን ማየት ፈለገች። መጀመሪያ በጣሳ አፍ ላይ ፌስታል ወጠረች፤ በእስክርቢቶ ክቦች ሣለችበትና በአሮጌ አምፖል ገፋችው። ፌስታሉ በተለጠጠበት ቦታ ክቦቹ እንቁላል ሆኑ፤ ባልተነካበት ቦታ ክብ እንደሆኑ ቀሩ። ሞዴሏ ይኸው ነበር። ላሜራ ራሱ አይናገርም፤ ክቦቹ ግን ይናገሩለታል።

ከዚያ ወደ እውነተኛው ላሜራ ገቡ። ክቦቹን ሥለው ጠርዙን በሁለት የብረት ቀለበቶች መሐል አጥብቀው ያዙት፤ ከላይ ክሪኩ ድቡልቡል ብረት ይገፋበታል። «የሚገፋው እሱ ነው፤ ዘይት የሚያስፈልገውም ለእሱ ነው፣» አለች ጣቢታ፤ ከሸነን ከተማ የመጣውን የኑግ ዘይት ድቡልቡሉ ብረት ላይ ቀባችው። ቀለበቶቹ ደረቅ ሆነው ቀሩ። ኦቦ ቀጀላም «ትክክል» አለ። ክሪኩ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ላሜራው ከታች እንደ አሮጌ ሱሪ ተተረተረ።

«አይዞሽ ኢንተላ ኮ፣» አለ ኦቦ ቀጀላ፣ የሃዋኒን ራስ እያሻሸ። «ልጄ፣ እኔስ ስንቱን ቀድጃለሁ!» ሃዋኒ ግን እያለቀሰች ወጣች። የተቀደደውን ወደ ቤቷ የወሰደችው ጣቢታ ናት።

አሁን ሃዋኒ ሳህኑን በአንድ እጇ፣ ጓደኛዋን በሌላው ይዛ ከላቦራቶሪው ጀርባ ወጣች። ጣቢታ ካርቶኑን እንዳቀፈች ተከተለች።

«ይሄን ከየት ነው የገዛሽው?»

«የምን መግዛት? እኛ እኮ...»

«ጣቢ! ክቦቹን እያቸው። ከታች ክብ፣ ከጎን ክብ፣ ከአፉ ክብ። ሳህኑ ሲሠራ አብረው አልተለጠጡም። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው የሣልሻቸው።»

ጣቢታ መሬት መሬቱን አየች። «በሳንቲም ነው ያዞርኳቸው፣» አለች። «አሪፍ አልወጡም?»

ሃዋኒ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ዋጠችው። «የኳየር ልጅ ሆነሽ!»

«ኳየሩን አታስገቢው!» የጣቢታ ዓይን እንባ አቀረረ። «ትናንት ፊትሽን አየሁት። የክፍላችን ልጆች እነ ሮብሳን ሙድ ይይዙብሻል። ቲቸርም ያው ናቸው። አቦ፣ አንዴ እንኳን ይመኑሽ ብዬ ነው!»

ሃዋኒ ሳህኑን በእጇ አገላበጠችው። ለራሷ ብላ የዋሸችን ሰው መቆጣት ቀላል ነው፤ ላንቺ ብላ የዋሸችውን ምን ትያታለሽ?

«አሁን ብንናገር፣» አለች ጣቢታ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «‹ብዬ ነበር እኮ፣ ይሄ የእናንተ ሥራ አይደለም› ነው የሚሉት። ጉደርም ቀረብን።»

እውነቷን ነው። ሃዋኒም ይህን ታውቀዋለች።

«የተቀደደውስ የት አለ?»

ጣቢታ ከካርቶኑ ሥር ከጋዜጣ ውስጥ አወጣችው። ሃዋኒ ወደ ፀሐይ አዞረችው። ትናንት በእንባ መሐል ምኑንም አላየችውም ነበር። ጠርዙ ላይ ያሉት ክቦች እንደተሣሉ ናቸው። ቀዳዳው አጠገብ ያሉት ግን ረዝመው፣ ረዝመው፣ እንደ ጤፍ ቅጠል ቀጥነዋል።

«ጣቢ፣ ነይ እይ! ጠርዙ አልተንቀሳቀሰም። ደረቁ ቀለበት ነክሶ ያዘው። ወደ ውስጥ የሚገባ ላሜራ ሲያጣ መሐሉ ብቻውን ተጎተተና ተቀደደ። ዘይቱ የሚያስፈልገው ለቀለበቱ ነበር!»

«የቀባሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነዋ።»

«የሁላችንም ነው። እኔና አጎቴስ አጠገብሽ ቆመን ምን አልን?»

ሃዋኒ አንዴ የሚያብለጨልጨውን፣ አንዴ የተተረተረውን አየች። አንዱ ጉደር ይወስዳታል፤ ስለ ላሜራ ግን አንድም ነገር አይናገርም። የተቀደደውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ቲቸር ነገራን ፍለጋ ወደ መምህራን ክፍል መራመድ ጀመረች።

በሩ ላይ ሲደርሱ ጣቢታ እጇን ያዘቻት። «በናትሽ አንቺ ንገሪያቸው። አንቺ ትችያለሽ።»

«አይሆንም። ክቦቹ ለምን እንቁላል እንደሆኑ እኔ አስረዳለሁ። የገበያውን ሳህን ግን ራስሽ ነሽ የምትናገሪው።» የጓደኛዋን እጅ ጨበጥ አደረገች። «አልለይሽም። አንኳኪ።»