ግድግዳ ላይ የቀረበ ማዕድ

የጠዋቱ ጎብኚዎች በጣሪያው በር ስለ ገቡ የአዳራሹ ሠራተኞች ሥዕሎቹን ሁሉ ዘቅዝቀው ለመስቀል ተገደዱ። ምድርን በምትዞረው ከተማ፣ በደብረ ኅዋ፣ ይህ ማንንም አያስደንቅም፤ ክብደት በሌለበት ስፍራ ላይና ታች የሚወሰነው በእንግዳው አመጣጥ ነው።

የአዳራሹ ዋና የሥዕል መርማሪ አቶ መንግሥተአብ፣ ከረባታቸው እንዳይንሳፈፍ በመርፌ ቁልፍ አስይዘው፣ የመጨረሻውን ሥዕል በፈካሬው ፊት አስቀመጡት። ፈካሬ የሥዕልን መስመርና ቀለም መርምሮ ትርጓሜውን የሚናገር መሣሪያ ነው። የሠሩት ባለሙያዎች የአበውን የትርጓሜ ሥርዓት ስላስተማሩት፣ ፍቺውን «አንድም» እያለ ይደረድራል። ከሰዓት በኋላ የሚከፈተው ዐውደ ርእይ የሰርሪያሊዝም፣ ማለትም ሕልምን እንደ ገሃድ የሚያሳየው የአሣሣል ስልት፣ ነበር። ደንቡም ግልጽ ነው። ከአንድ በላይ ፍቺ ያላገኘ ሥዕል ከሕልም ሥዕል አይቆጠርም፤ በዕለቱ መንኰራኩር ወደ ምድር መጋዘን ይመለሳል።

ሥዕሉ አንድ ቤተሰብ ሲመገብ ያሳያል። አባት ግድግዳው ላይ ተቀምጧል፤ እናት ከጣሪያው ተዘቅዝቃ ልጇን ታጐርሳለች፤ ውኃው ያለ ብርጭቆ ድቡልቡል ሆኖ በመካከላቸው ቆሟል። በመስኮቱ ፀሐይና ጨለማ አብረው ይታያሉ።

ፈካሬው ጥቂት ቆይቶ፣ «ቤተሰብ ምሳ ሲበላ» አለ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልጨመረም።

አቶ መንግሥተአብ ደግመው አስነበቡት። መልሱ ያው ሆነ።

«መሣሪያህ የዝምታ ሱባዔ ገባ እንዴ?» አሉ ከኋላቸው ወይዘሮ አስካለማርያም።

ሥዕሉን የሣሉት እርሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ደሴ ላይ ሣሉት፤ አሁን ዘጠና ሊሞላቸው ነው። ያን ጊዜ መምህሮቻቸው «የእብድ ሥራ ነው» ብለው ከተማሪዎች ዐውደ ርእይ አስወርደውባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ የትም ተሰቅሎ አያውቅም። እስከዚህ የመጡት ተሰቅሎ ለማየት ብቻ ነበር።

«ብልሽት ሳይኖርበት አይቀርም፣ እመቤቴ» አሉ አቶ መንግሥተአብ አንገታቸውን ቀና አድርገው። «በሌላ እፈትነዋለሁ።»

ያልተመረጠ ሥዕል አስመጡ። በእርሳቸው ግምት ተራ ሥራ ነው፤ አንድ ሰው ጃንጥላ ይዞ በዝናብ ዳገት ሲወጣ። ፈካሬው ወዲያው ጀመረ። «ውኃ ከሰማይ ይወርዳል፤ ይህ ምሕረት ነው። አንድም፣ ምድር ሰውዬውን አለቅም ብላ እግሩን ይዛዋለች፤ ይህ ፍቅር ነው። አንድም፣ ዳገቱ የሚያደክመው የሚጠብቀው ሰው ስላለ ነው። አንድም...» እያለ፣ እስኪያጠፉት ድረስ ቀጠለ።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባቸው። ፈካሬው የተሠራው እዚህ፣ ያወቀውም የከተማይቱን ኑሮ ነው። ግድግዳ ላይ መቀመጥና ውኃን ከአየር መጐንጨት ለእርሱ የዕለት ተግባር ነው። መሣሪያው ጤነኛ ነው፤ ስለዚህም ሥዕሉ ይመለሳል።

«ሥዕልዎ ሕልም አይደለም ተባለ፣ እመቤቴ» አሉ፣ ዐይናቸውን ሳይሰብሩ። «እውነት ነው ተባለ።»

ወይዘሮ አስካለማርያም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«እኔ እኮ ከልጅነቴ እግሬ አይሠራም፣ ልጄ።»

አቶ መንግሥተአብ አላወቁም ነበር። በደብረ ኅዋ የማን እግር እንደሚሠራ የሚለይ የለም።

«ይህን ቤት የሣልሁት እግር የማያስፈልግበት ስፍራ ቢኖር ብዬ ነው። ለእኔም ቢሆን ሕልሙ ያ ዳገት የሚወጣው ሰው ነው። መሣሪያህ በደንብ ፈርዷል፤ ተመስገን። ከሕልሞቹ መካከል አትስቀልልኝ። ሰው ምሳ ሊበላ የሚያልፍበት መተላለፊያ ግን የላችሁም?»

የሰው ልጅ ትናንት ያለመውን ዛሬ ይኖርበታል፤ ትናንት የኖረበትን ደግሞ ዛሬ ያልመዋል። አቶ መንግሥተአብ ይህን እያሰቡ ሥዕሉን በሁለት እጃቸው አነሡ።

«ደንቡ ወደ መጋዘን ይላል» አሉ። «ተጠያቂው እኔ እሆናለሁ። የምንኖርበትን ቤት ማንም ሳይገባበት እርስዎ አይተውልናል፤ በከተማይቱ ስም አመሰግናለሁ።»

በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ በገዛ እጃቸው ሰቀሉት። የምሳ ሰዓት ደረሰና ሰዎች እንደ ጎርፍ አለፉ። የቆመ የለም፤ የሳቀም የለም። ወይዘሮ አስካለማርያም ከሥዕሉ ጎን ሆነው አላፊውን ሁሉ በዐይናቸው ሸኙ።

መጨረሻ ላይ የመሣሪያ ቦርሳ ያነገተ አንድ ጎልማሳ ቧንቧ ሠራተኛ እየተጣደፈ መጣ። ሥዕሉ ዘንድ ሲደርስ የሰው ቤት መስኮት መሰለውና ጕዞውን አዝግሞ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ማዕዱን ይባርክ» አለ።

«አሜን» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም። «እንብላ፣ ልጄ።»