ከመከለያው በስተጀርባ

መካኒኩ በራሱ ጋራዥ ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተበርቅሷል። ቀኝ እጁ በአንድ ሞተር ብስክሌት ካቴናና በኋላ ጎማው ጥርስ መካከል ገብቶ ሦስት ጣቶቹ ተጨፍልቀዋል። ደሙ በሲሚንቶው ላይ ወርዶ እስከ ብረት መያዣው ሞርሳ እግር ደርሷል። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።

ኢንስፔክተሯን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰማችውን ሁሉ አንጠርጥራ ስለምታጣራ። ስትደርስ ፖሊሶቹ ነገሩን ጨርሰውት ጠበቋት። ሞተሩን ሳያጠፋ ካቴና ሲያጠብቅ እጁን ያዘው፣ ሲንገዳገድ ሞርሳው ላይ ወደቀ አሏት። እሷ ግን ጓንቷን አጥልቃ ተንበረከከች።

የጭንቅላቱ ቁስል ሁለት ነበር። በተጨፈለቁት ጣቶች ዙሪያ ደም የለም ማለት ይቻላል። ካቴናውን ከሥር ገፋ አደረገችው፤ ሁለት ጣት ያህል ተነስቶ ተመለሰ፣ ልክ እንደሚገባው። የኋላ ጎማው ዳዶ ጠብቋል፣ የግራና የቀኙ ማስተካከያ እኩል ቆሟል። ዘይቱም ተቀብቷል። ከሟቹ የደረት ኪስ ሁለት አጫጭር ብሎኖች ወጡ። ዓይኗን ወደ ፊተኛው ጥርስ መከለያ ወረወረች። ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ብሎን ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ጎረቤቱ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ግቢውን ከመካኒኩ ጋር በሚጋራው ሽማግሌ በያጅ ላይ ነበር። ትናንት የሟቹን አንገት አንቆ ታይቷል። ሽማግሌው አልካደም። ከሦስት ወር በፊት አንድ ሞተረኛ ሴት ልጁን ገጭቶ፣ በአንገቷ ሻርፕ እየጎተተ አንገቷን ሰብሮ አምልጧል። የሻርፑ እኩሌታ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ በያጁ ጋራዡ የሚገባውን ሞተር ሁሉ እያስቆመ ይፈትሽ ነበር።

«ትናንት መካኒኩ ‹ደንበኛ አባረርክብኝ፣ ሐዘንህን ልክ አብጅለት› ሲለኝ ደሜ ፈላ» አላት። «ዛሬ ጠዋት ግን ብረት ልገዛ ወጥቼ ነበር፣ ልጄ።»

ሞተሩ የሟቹ ሚስት ወንድም ንብረት ነው፤ ለሐኪም ቤቶች መድኃኒት ያመላልስበታል። ስንፍናውን ራሱ አወራ። ካቴናው ለወራት ዘይት ሳይነካው ዝጎ ሲያንቋርር፣ አማቹ አምጣው እያለ ሲለምነው ኖሯል። «ዛሬ ጠዋት ራሴ አምጥቼ ሰጠሁትና በእግሬ ወደ ሥራ ሄድኩ» አለ። ሲመለስ ሬሳውን አገኘ፤ እህቱን ያረዳትም እሱ ነበር።

እህትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ በለቅሶ ዓይኗ አብጦ ተዘግቶ ነበር። ባሏ የዚያ ካቴና ነገር እንቅልፍ ነስቶት እንደነበር ነገረቻት። አንድ ቀን ተበጥሶ ወንድሟን ይገድለዋል እያለ ይሰጋ ነበር። ስለዚህ ንጋት ላይ በትርፍ ቁልፉ ሞተሩን ከወንድሟ ደጅ አንስቶ አመጣው።

«ወንድምሽ ያውቅ ነበር?» አለች ወንፊት።

«ከየት አውቆ? ተኝቶ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ደሙ ገና ባልታጠበበት ጋራዥ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«የወደቀ ሰው ሞርሳ ሁለት ጊዜ አይመታውም። የቆመ ልብ ደግሞ ደም አይረጭም፤ እጁ ካቴናው ውስጥ የገባው ከሞተ በኋላ ነው። ያስገባው ሰውም ካቴና አያውቅም። መጥበቅ ያለበት ጠብቋል፣ ሥራው አልቋል። መካኒኩ እጁን ምን ሊያደርግ ያስገባል?»

ብሎኖቹን በመዳፏ ዘረጋች።

«የቀረው ይህን መከለያ መዝጋት ብቻ ነበር። ሁለቱ ብሎን በሟቹ ኪስ ስላለ፣ መከለያውን የገጠመው ሌላ ሰው ነው። ለምን ቸኮለ? ከፍቼ አየሁ።» ከላስቲክ ከረጢት ውስጥ በግራሶ የጠቆረ ቢጫ ክር አወጣች። «ጨርቁን ጎትቶ ወስዶታል። ጥርሱ ላይ የተጠመጠመው ክር ግን ቀርቷል።»

በያጁ ግድግዳውን ተደገፈ። የልጁን ሻርፕ ቀለም ማንም ሊነግረው አላስፈለገም።

«እርስዎ ቢያገኙት ኖሮ፣ ጋሼ፣ አገር ይሰማ ነበር እንጂ አይደብቁትም። የሚደብቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ካቴናውን ሳያስነካ ያዛገው፣ ሞተሩን በእጄ ሰጠሁ ብሎ የዋሸኝ።»

ወንድምየው መካዱን ተወ። «ሞተሩን ከደጄ ሳጣው ወደዚህ መጣሁ፤ ጨርቁን አግኝቶት ነበር። እስከ ቀትር ጊዜ ሰጠኝ» አለ። «‹ሄደህ ለአባቷ ራስህ ንገር፣ ካልነገርክ እኔ እነግረዋለሁ› አለኝ። ጀርባውን ሲሰጠኝ መፍቻውን አነሳሁ።»

የበያጁን መዶሻ ያየው የለም። የወንድምየው ትከሻ አጥንት ሲደቅ ግን ሁሉም ሰማ። ሁለት ፖሊሶች ሽማግሌው ላይ ተከመሩና መዶሻውን ከጣቶቹ ፈልቅቀው ወሰዱት።

እህትየው መሬት ላይ ወደሚያቃስተው ወንድሟ ቀረበች። አልነካችውም።

«ስታረዳኝ እኮ አቅፈኸኝ ነበር» አለችው።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡም አልተከተለችውም። በያጁ አጠገብ ሄዳ ቁጭ አለች፤ እሱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር።

«ትናንት አንቄው ነው የተለያየነው» አለ።

«ለእርስዎ ብሎ ነው የሞተው፣ ጋሼ። ነገ ሬሳውን ሲያወጡት ከፊት እርስዎ ይሸከሙልኝ።»