ሶሬቲ ከአካኮ ጋር ማውራት ፈለገች

ሳሪስ ሰፈር ውስጥ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ውስጥ፣ ሶሬቲ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ትኖር ነበር።

አንድ ቀን፣ ነሐሴ ውስጥ ዝናብ ሲያባራ፣ በሩ ተንኳኳ። ኳ! ኳ! ኳ!

የመጡት አያቷ ነበሩ፤ የአባዬ አባት። ዓይናቸውን ሊታከሙ ከአርሲ መጥተው ነው።

«አካኮ በያቸው» አላት አባዬ። «አካኮ ማለት አያቴ ማለት ነው።»

አካኮ ረጅም ነበሩ። ጎንበስ ብለው የሶሬቲን ሁለት ጉንጮች ሳሙና ብዙ ነገር ተናገሩ።

ሶሬቲ ግን አልገባትም።

አካኮ የሚችሉት አፋን ኦሮሞ ብቻ ነው። ሶሬቲ የምትችለው ደግሞ አማርኛ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሶሬቲ ሥዕሏን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። «ይሄ ዓሣ ነው፤ ይሄ ደግሞ የዓሣው ቤት ነው» አለቻቸው።

አካኮ ሥዕሉን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው የሆነ ነገር ጠየቋት።

ሶሬቲ ግን አልገባትም።

እማዬም አልገባትም። ሻይ ስታቀርብላቸው ፈገግ ትላለች፤ እሳቸውም ፈገግ ይላሉ። በቃ፣ ሌላ ወሬ የላቸውም።

አባዬ ብቻ ነው የሚገባው። ሲመሽ ከሥራ ይመጣና አጠገባቸው ይቀመጣል፤ አካኮም ተረት ይነግሩታል።

አካኮ አንዴ ድምፃቸውን ቀጭን ያደርጋሉ፤ አንዴ ወፍራም ያደርጋሉ። አባዬ እንባው እስኪወርድ ይስቃል።

«ምን አሉ? ምን አሉ?» አለች ሶሬቲ የአባዬን እጅጌ እየጎተተች።

«ጅቡ የአህያዋን በር አንኳኳ። አህያዋ ማነው አለች። ጅቡ በግ ነኝ አላት።»

ሶሬቲ ጠበቀች። «ከዚያስ?»

አባዬ ራሱን አከክ አከክ አደረገ። «ከዚያማ… በአማርኛ ሳወራው ያን ያህል አያስቅም።»

ሶሬቲ ከአባዬ ጋር መሳቅ አማራት። በጣም አማራት።

ልትተኛ ስትል «እማዬ፣ እኔ ለምንድን ነው የማይገባኝ?» ብላ ጠየቀች።

እማዬ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ሳበችላት። «እኔ አፋን ኦሮሞ ስለማልችል ቤታችን ውስጥ የምናወራው አማርኛ ብቻ ሆነ፣ የኔ ቆንጆ።»

አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ዛሬ ላስተምርሽ፣ ነገ ላስተምርሽ እያልኩ ይኸው አምስት ዓመት ሞላሽ።»

መስከረም ደረሰ። ሶሬቲም ኬጂ የምትገባበት ጊዜ ሆነ።

መጀመሪያ ለቤታቸው ቅርብ የሆነውን ኬጂ አዩ። ግድግዳው ላይ ቀጭኔ ተስሎበታል፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ትልቅ ቀይ ሸርተቴ አለ።

ሶሬቲ ሸርተቴው ላይ ወጣች። ሸርተት! ደግማ ወጣች። ሸርተት!

«እዚህ ነው የምማረው» አለች።

ቀጥለው በታክሲ ራቅ ወዳለ ሰፈር ሄዱ። እዚያ ያለው ኬጂ ትንሽ ነው፤ ሸርተቴም የለውም። ቀለም የተቀቡ አሮጌ ጎማዎች ብቻ ናቸው ያሉት።

አንዲት መምህርት የልጆቹን እጅ ታስታጥባለች። እያስታጠበች ታወራለች፤ ልጆቹም ያወራሉ፤ ሁሉም በአፋን ኦሮሞ።

ሶሬቲ ጆሮዋን አቀናች። የሚሉት አልገባትም፤ አወራራቸው ግን ልክ እንደ አካኮ ነው።

«እዚህ ከገቡበት እስኪወጡ አፋን ኦሮሞ ብቻ ነው የሚያወሩት» አለ አባዬ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እማዬ ሶሬቲን ወደ ራሷ አስጠጋቻት። ከዚያ «ብቻዋን ብትሆንስ?» አለች። «የምትለውን የሚሰማት ሰው ብታጣስ?»

«እኔም እሱን ፈርቻለሁ» አለ አባዬ። «አካኮ ደግሞ የሚቆዩት እስከ ኅዳር ነው። ከዚያ አዝመራቸውን ሊሰበስቡ ይሄዳሉ።»

ሶሬቲ መሐላቸው ተቀምጣ ታስብ ነበር። «ሸርተቴ ያለበት ኬጂ የአካኮን ወሬ ያስተምራሉ?»

«አያስተምሩም» አለች እማዬ።

«ሸርተቴውን ወደ ጎማዎቹ ማምጣትስ አይቻልም?»

«አይቻልም፣ የኔ እናት።»

ሶሬቲ በታክሲው መስኮት ወደ ውጭ አየች። ብዙ ቆይታ «እንግዲያው ጎማዎቹ ጋ እሄዳለሁ» አለች።

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። ቲቸር ኡርጌ አንድ ነገር ስትል ልጆቹ ሁሉ ተነሡ።

ሶሬቲ ግን አልገባትም። እሷ ስትነሣ ልጆቹ ተቀመጡ፤ ብቻዋን ቆማ ቀረች።

ውሃ ጠማት፤ በጣቷ ወደ ጆጉ አመለከተች።

«ቢሻን?» አለች ቲቸር ኡርጌ።

«ቢሻን» አለች ሶሬቲ በቀስታ። ውሃው ተሰጣት። ግጥም አድርጋ ጠጣችው።

በሦስተኛው ቀን ግን በሩ ላይ አለቀሰች። የእማዬን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ «ሸርተቴ ያለበት ውሰጂኝ» አለች።

የእማዬም ዓይን እንባ አቀረረ። «እሺ፣ እንሂድ» ልትል አፏን ከፈተች።

ያኔ ሃዊ የምትባል ልጅ ከውስጥ ወጣች። የሶሬቲን እጅ ያዘችና «ኮቱ» አለቻት። ደግሞ ሳብ አድርጋ «ኮቱ፣ ኮቱ» አለቻት።

ሶሬቲ አንድ እርምጃ ሄደች። ወደ እማዬ ዞራ አየች፤ ከዚያ ሌላ እርምጃ ሄደች።

ሁለቱ ልጆች አንድ ጎማ ላይ አብረው ተቀመጡ።

የዚያን ቀን ምሽት እራት ቀረበ። አካኮ በረንዳ ላይ ነበሩ። «ሶሬቲ፣ ጥሪያቸው እስቲ» አለች እማዬ።

ሶሬቲ ሁልጊዜ የምትጠራቸው ጋቢያቸውን እየጎተተች ነው። ዛሬ ግን ራቅ ብላ ቆመች።

«አካኮ፣ ኮቱ።»

አካኮ ቀና አሉ። በርጩማውን ትተው ብድግ አሉና መጡ።

ሶሬቲ ጠራቻቸው፤ እሳቸውም መጡ። ሶሬቲ እራቷን እየበላች አሁንም አሁንም ታያቸው ነበር።

በሌላ ቀን ሃዊ አንድ ጨዋታ አሳየቻት። ጨዋታው በጣት እያመለከቱ «ኩን ማሊ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ማለት ነው።

ሶሬቲ ጨዋታውን ይዛ ወደ ቤት መጣች። ዛፉን እያሳየች «አካኮ፣ ኩን ማሊ?»

«ሙካ» አሉ አካኮ።

ወፏን እያሳየች «ኩን ማሊ?»

«ሲምቢራ።»

የተቀመጡበትን እያሳየች «ኩን ማሊ?»

«ባርጩማ።»

ሶሬቲ ሳቀች። «በርጩማ! ይሄንንማ አውቀዋለሁ።»

ከዚያ አካኮ በተራቸው የሶሬቲን ሥዕል አነሡ። በወፍራም ጣታቸው ዓሣውን ነክተው «ኩን ማሊ?» አሏት።

«ዓሣ» አለቻቸው።

«ዓሣ» አሉ አካኮ። «ዓሣ፣ ዓሣ።»

ሶሬቲ በየቀኑ አዲስ ቃል ይዛ ትመጣ ጀመር። አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ ይጠፋባታል፤ አንዳንዴ ግን ቤት ድረስ አብሯት ይመጣል።

ጥቅምት ላይ የአካኮ ዓይን ታክሞ ፋሻው ተነሣ። የሶሬቲን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ብዙም ተናገሩ።

ከዚያ ሁሉ ወሬ ሶሬቲ የገባት አንድ ቃል ብቻ ነው። «ባሬዱ»፤ ቆንጆ።

ኅዳር ሲመጣ አካኮ ሻንጣቸውን አዘጋጁ። የመጨረሻው ቀን ምሽት ላይ ሶሬቲ ጉልበታቸው ሥር ተቀመጠች።

«አካኮ፣ ዋራቤሳ» አለቻቸው። የጅቡን ተረት ማለቷ ነው።

አካኮ በርጩማውን አንኳኩ። ኳ! ኳ! ኳ!

በቀጭን የአህያ ድምፅ «ኤኙ?» አሉ። ማነው ማለት ነው።

በወፍራም የጅብ ድምፅ «ሆላ» አሉ። በግ ነኝ ማለት ነው።

ያ ወፍራም ድምፅ፣ ያ ጅብ፣ በግ ነኝ ብሎ እርፍ! ሶሬቲ ከአባዬ ቀድማ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አባዬ አልሳቀም። ሶሬቲን ብቻ ያያት ነበር።

ተረቱ ቀጠለ። ጅቡ ሄደ፤ ተመለሰ፤ አህያዋም ብዙ ነገር አለች። ሶሬቲ ግማሹ ገባት፤ ግማሹ ግን አልገባትም።

ሌላውንም ግማሽ ፈለገችው። ግን ጠዋት መኪናው መጣ፤ አካኮም ጉንጯን ስመው ሄዱ።

ቤቱ ጭር አለ። ሶሬቲ በረንዳው ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። «ኩን ማሊ?» ብትልም የሚመልስላት አልነበረም።

በማግስቱ ኬጂ ውስጥ ወደ ቲቸር ኡርጌ ሄደች። መጠየቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ ቃሉን ግን አታውቀውም።

ስለዚህ ግቢው በር ላይ ሄዳ ቆመች። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ መንገዱን አየች፤ አየች፤ አየች። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ቲቸር ኡርጌ መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ኤኙ?» አለቻት።

«አካኮ» አለች ሶሬቲ።

ቲቸር ኡርጌ እጇን እንደ ሶሬቲ ደረቷ ላይ አደረገች። «ሲን ያዴ» አለች ቀስ ብላ።

ሶሬቲ ቃሉ እንዳይጠፋባት ሙሉውን መንገድ ስትደጋግመው መጣች። ታክሲ ውስጥ «ሲን ያዴ»። መንገድ ስትሻገር «ሲን ያዴ»።

ቤት ስትደርስ «አካኮ ጋ ደውሉልኝ» አለች።

አባዬ ደወለ። ከሩቅ የበግ ድምፅና የነፋስ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የአካኮ ድምፅ መጣ።

«አካኮ» አለች ሶሬቲ። «ሲን ያዴ።»

  አካኮም ቀስ እያሉ፣ አንድ አንድ ቃል እየለዩ ብዙ አወሯት፤ ሶሬቲም ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ አዳመጠች።

እማዬ ልብስ ማጠፏን ተወችና አጠገቧ ተቀመጠች። «ምን ማለት ነው፣ ሶሬቲ? ያ ያልሻቸው?»

«ናፈቁኝ ማለት ነው።»

እማዬ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ተለማመደች። «ሲን ያደ።»

«ያዴ ነው እማዬ። ያ… ዴ።»

«ሲን ያዴ» አለች እማዬ። ከዚያ ስልኩን ተቀበለችና ጉሮሮዋን ጠራርጋ ለአካኮ እንዲሁ አለቻቸው።

ከወዲያ በኩል ትንሽ ሳቅ መጣ። ቀጥሎ አካኮ ሁለት ቃል ተናገሩ።

እማዬ ወደ ሶሬቲ ዞረች። «ኢንታላ ኮ አሉኝ። ምን ማለታቸው ነው?»

ሶሬቲ ይሄን ታውቀዋለች። ቲቸር ኡርጌ በየቀኑ እንዲህ ትላታለች።

«ልጄ አሉሽ» አለቻት፤ ራሷንም በእማዬ ጭን ላይ አሳረፈች።