የሚራመደው ታወር

ጉሬዛ አልወርድም አለ።

ታወሩ ጫፍ ላይ፣ አርባ አምስት ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቀበቶውን አስሮ እንደተቀመጠ የመሣሪያ ቦርሳውን በገመድ ለቀቀው። ቦርሳው እየተወዛወዘ ወርዶ ከሥር የቆመው ሚዛን ደረት ላይ ቆመ።

ሚዛን የምስጢር ስሙ ነው። ፊት ለፊት በእውነተኛ ስሙ ከተጠራ ስድስት ወር አልፎታል።

ቦርሳው ውስጥ መፍቻ፣ ቴፕና አንድ ያረጀ ጓንት አለ። ጓንቱ አውራ ጣት ውስጥ ጣቱን ሰደደ። የሜሞሪ ካርዱ እዚያው ነበር። ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም።

«አገኘኸው?» ጉሬዛ ከላይ ጮኸ።

«አግኝቼዋለሁ! አሁን ውረድ!»

«እዚህ ይሻለኛል። መንገዱ ይታየኛል።»

ፈሪ ሊለው አልቻለም። ጉሬዛ ዕድሜውን በታወር ላይ የጨረሰ ገጣጣሚ ነው፤ የሚያስፈራው መሬቱ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የሥራ ጓደኛው ከታወር ወድቆ ሞተ ተባለ። ሬሳው ሲነሳ የቀበቶው ሁለቱም መንጠቆዎች ተፈትተው ነበር። የታወር ሰው ግን ሁለቱን መንጠቆ በአንድ ጊዜ አይፈታም። አንዱን ሳያስር ሌላውን አይነካም። ቢሰክርም አይነካም።

ሟቹ ያየውን ጉሬዛም አይቷል።

ሁለት የስልክ ኩባንያዎች አሉ፤ ሰው በሱቆቻቸው ቀለም ሰማያዊውና ብርቱካኑ ይላቸዋል። ነገ፣ ሐሙስ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሩቅ የሚደርሰውን ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ከሁለቱ ለአንዱ ይሰጣል። ሰፊ ኔትወርክ የዘረጋው ይወስደዋል። ብርቱካኑ አራት መቶ የገጠር ታወሮች ላይ ኤልቲኢ የሚባለውን ፈጣን ኢንተርኔት አስገብቻለሁ ብሎ ካርታውን አረንጓዴ ቀብቷል። ታወሮቹ እርግጥ ቆመዋል። ጫፋቸው ላይ የተሰቀሉት ሳጥኖች ግን ባዶ ናቸው። የሰቀሏቸው ጉሬዛና ጓደኛው ናቸው። ቅለታቸው አጠራጥሯቸው ከፈቷቸው። ጉሬዛ የእያንዳንዱን ባዶ ሳጥን ፎቶና ቁጥር ያዘ። ጓደኛው አለቃውን ጠየቀ።

ፎቶ ብቻውን አይበቃም። ፎቶ ማንም ይሠራል። «በእጄ የሰቀልኩት ነው» የሚል ሰው በሕይወቱ ተቆጣጣሪው ፊት መድረስ አለበት።

ሚዛን «አደርስሃለሁ» ብሎ ቃል ገብቶለታል። ያን ዕለት ድምፁ አልተንቀጠቀጠም ነበር። አሁን ግን በየደቂቃው ወደ መንገዱ ይዞራል።

«ኢንጂነር! ና እስቲ ጉድህን እይ!»

ሹፌሩ ነው። የመለኪያ መኪናው ጣሪያ ላይ አንቴና፣ የኋላ ወንበሩ ላይ ስምንት ስልኮች በመደርደሪያ ተሰክተዋል፤ አራቱ የሰማያዊው፣ አራቱ የብርቱካኑ። የሁለቱን ኩባንያዎች ሲግናል እያወዳደሩ አገር ለአገር መዞር፣ ይህ ነው የሚዛን የሽፋን ሥራው። ሹፌሩ ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

«ይኼ ሸለቆ ሞቷል ብለኸኝ አልነበር?» አለ ሹፌሩ፣ ላፕቶፑን እያሳየ። «ተነሳልህ!»

አራቱ የሰማያዊው ስልኮች ባዶ ናቸው። የብርቱካኑ አራቱ ግን አንድ አንድ መስመር ሲግናል አውጥተዋል። ከመስመሩ በታች ሲግናሉ ከሚመጣበት ታወር ያላቸው ርቀት ተጽፏል።

3,900 ሜትር።

ከራሱ በላይ የቆመው ታወር ባዶ ነው። ሌላ ታወር በአርባ ኪሎ ሜትር ውስጥ የለም።

3,700።

መኪናው ቆሟል። ሞተሩ ጠፍቷል።

«ታወር እግር አወጣ እንዴ?» ሹፌሩ ሳቀ።

ሚዛን አልሳቀም። ታወር አይሄድም። የሚሄደው ታወር አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ በጭነት መኪና ላይ ተተክሎ፣ ስታዲየም ሲሞላ ለማገዝ የሚላከው።

«ባለፈው ወርም እኮ እንዲህ አድርገዋል» አለ ሹፌሩ። «መለኪያ መኪና ባዩ ቁጥር ሲግናል ጭነው ይከተሉናል፤ ውጤታችን እንዲያምርላቸው። አንተን ምን አስደነገጠህ?»

ሊሆን ይችላል። ሚዛን ሊያምን ፈለገ። ግን የዛሬው የጉዞ ወረቀት የሚለው ከተራራው ወዲያ ነው። እዚህ መሆናቸውን ማን ነገራቸው?

ሹፌሩ እጅ ላይ ስልክ አየ። አውራ ጣቱ እየሮጠ ነው።

«ጋሼ፣ ለማን ነው የምትጽፈው?»

«ምን አገባህ?»

ነጠቀው። ለሦስት ወር አንድ ዳቦ ለሁለት የቆረሰውን ሰው ስልክ ከእጁ መነተፈ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ መድኃኒትሽን ወስደሻል? ያባትሽ ጉልበትም ደህና ነው።»

ሹፌሩ እጁን ዘረጋ። ሚዛን ስልኩን መለሰለት። ዓይኑን ማየት አልቻለም።

ያኔ የደረት ኪሱ ነዘረ።

ዘጠነኛው ስልክ።

የሰጠችው በምስጢር ምርመራ ያሰማራችው አለቃው ናት። በምስጢር «አክስት» ትባላለች። ማንነቱን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። በዚህ ስልክ እሁድ እሁድ ለእናቱ ይደውላል፤ እናቱ የምታየው ቁጥር የተማረበት የሩቅ አገር ቁጥር ነው። ልጇ እስካሁን እዚያ የሬዲዮ ሞገድ የሚያጠና ይመስላታል። እሱ ግን ከተመለሰ ዓመት ሊሞላው ነው። የሚኖረው ከቤቷ የአርባ ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ነው።

መልእክቱን ከፈተ።

«ልጄ፣ ዕቃውን ያዝክ? ጉሬዛስ አብሮህ ነው?»

ደግሞ አነበበው። 

ይህን ሸለቆ የመረጠችው አክስት ናት። የመረጠችውም ኔትወርክ ስለሌለው ነው። «እዚያ ስልክህ ሬሳ ነው፤ ማንም አያገኝህም» ያለችው በገዛ አፏ ነው።

ለሬሳ መልእክት አይላክም።

መነሳቱን ካላወቁ በቀር።

ሸለቆውን ታውቃለች፤ የትኛው ታወር ሥር እንደሚገናኙ ግን አታውቅም። ታወሩን የመረጠው ጉሬዛ ነው። ኔትወርክ የሌለው ስልክ ደግሞ ያለበትን አይናገርም። ስለዚህ እሷና ብርቱካኑ ኔትወርኩን አመጡለት።

2,600።

«ጉሬዛ! ውረድ!»

«አቧራ አያለሁ!» ጉሬዛ ከላይ መለሰ። «የጭነት መኪና ነው! ኋላው አንድ ፒካፕ አለ!»

«ስለዚህ ነው ውረድ የምልህ!»

ጉሬዛ መውረድ ጀመረ። ቀጭ፤ አንዱን መንጠቆ ፈታ። ቀጭ፤ ዝቅ ብሎ አሰረ። ቀጭ፤ ሁለተኛውን ፈታ። ቀጭ።

2,200።

«ሁለቱንም ፍታና ተንሸራተት!»

«አልፈታም!»

«ይደርሱብናል!»

«ይድረሱ!» አንድ እጁን መንጠቆው ላይ ጫነ። «ሁለቱን ፈትቶ ነው የሞተው እንዲሉኝ ነው? አልፈታም!»

ቀጭ። ቀጭ።

ሚዛን የመኪናውን በር ጨብጦ ቁጥሩን ያያል።  በሰው አገር ስድስት ዓመት ስለ ሞገድ ተምሯል፤ ሲግናል ሲጨምር ሰው እንደሚፈራ ማንም አላስተማረውም።

1,700።

ጉሬዛ መሬት ረገጠ። ሹፌሩ ክንዱን ያዘው።

«ሌላ መውጫ አለ?» ሚዛን ጠየቀ።

ጉሬዛ በእጁ ጠቆመ። «የታወሩን ብረት ያመጣንበት። በደረቁ ወንዝ። ይሄ መኪና ይገባል።»

«ጋሼ፣ ስምንቱንም ስልኮች አጥፋ። የአንተንም። ይህን ሰው ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዋና መሐንዲስ በእጁ ታስረክባለህ። ለሌላ ለማንም አይሆንም።»

ሹፌሩ አንዴ እሱን፣ አንዴ ጉሬዛን አየ። «አንተ ኢንጂነር አይደለህም አይደል?»

«ኢንጂነርም ነኝ።»

«ጭቅጭቁን በኋላ እንደርስበታለን። ግባ።»

«እኔ አልገባም።» ዘጠነኛውን ስልክ አሳየው። «የሚከተሉት ይሄን ነው። እዚህ ብጥለው ደርሰው ያነሱትና የጎማችሁን ዱካ ያያሉ። መንቀሳቀስ አለበት።»

«እና ልትሮጥ ነው? አንተ?» ሹፌሩ ከእግር እስከ ራሱ ገላመጠው። «ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው ልጅ?»

ሚዛን ካርዱን ለጉሬዛ ሰጠው። ጉሬዛ ጓንቱ ውስጥ መልሶ ከተተው። ከዚያ የሚዛንን ትከሻ አንዴ ጨመቀው። 

መኪናው ወደ ወንዙ ወረደ።

ሚዛን በተቃራኒው ሮጠ።

ገደሉ አፋፍ ላይ ቀጭን የእግር መንገድ አለ። ድንጋዩ ይንሸራተታል። ስልኩ እጁ ውስጥ ይሞቃል። ሦስት መስመር። አራት። ከኋላው ሞተር ሰማ፤ ቀጥሎ የበር ድምፅ።

በእግር ወረዱ።

ስንት ናቸው? አልዞረም። ቢዞር እንደሚቆም ያውቃል። ሰዓቱን አየ። መኪናው ከወንዙ ወጥቶ አስፋልት ለመያዝ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ሃያ ደቂቃ መሮጥ። ከዚያ መጥፋት።

አንድ ድንጋይ አጠገቡ ተፈረካከሰ። የተኩሱን ድምፅ የሰማው ቀጥሎ ነው።

እግሩ ይሮጣል። እሱ ይለምናል። ማንን እንደሚለምን አያውቅም።

አሥር ደቂቃ።

አሥራ አምስት።

ሃያ አንድ።

አሁን ድንጋዩን ይፈልጋል። ዝቅተኛው ሞገድ ተራራ ይዞራል፣ ገደል ይወርዳል፣ ግድግዳ ያልፋል፤ ሰው የሚጋደልበትም ለዚህ ነው። የጭነት መኪናው ታወር ግን የሚሠራው በከፍተኛው ነው። ከፍተኛው መታጠፍ አያውቅበትም። ወፍራም ድንጋይ ካገኘ ይቆማል።

ከሥሩ ውኃ የቦረቦረው ቋጥኝ አየ። ወረደ። አምስት መስመር አራት ሆነ። ሦስት። አንድ።

በዚያች በአንዷ መስመር የመጨረሻው መልእክት ገባ።

«እናትህ እሁድ እሁድ የት ቆማ እንደምታወራህ አውቃለሁ።»

መስመሩ ጠፋ።

ሚዛን ቋጥኙ ሥር፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በደረቱ ተኛ። አፉን በእጁ አፈነ። ከላዩ ጠጠር ተንኮታኮተ።

«አሁን እዚህ ነበር እኮ!»

«ጠፋ?»

«ሲግናሉ ጠፋ። ታወሩን ወደዚህ አስጠጋው በለው።»

«ገደል ላይ? መኪናው ፍየል መሰለህ?»

ጫማ። ከራሱ በላይ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ጠጠር አንገቱ ላይ ወረደ።

አልተነፈሰም።

«ተመለስ። የመለኪያ መኪናውን እንይ።»

ጫማዎቹ ራቁ። መኪናው የለም። ያን ሲደርሱበት ያያሉ።

ስልኩን አየው። ዓመት ሙሉ ከእናቱ ጋር ያገናኘው ይህ ብቻ ነው። ሲሙን አውጥቶ በጥርሱ ሰበረው። ቀፎውን ውኃው ውስጥ ከድንጋይ ሥር ቀበረው።

ከዚያ አለቀሰ። ድምፅ ሳያሰማ።

ጉሬዛ በዚያው ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪው ዘንድ ደረሰ። ምስክርነቱን ሲሰጥ ቀበቶውን አልፈታም ይባላል፤ አንዱን መንጠቆ ወንበሩ ላይ አስሮ ነበር አሉ። ሐሙስ ፍሪኩዌንሲው ለማንም አልተሰጠም። ብርቱካኑ አራት መቶውን ሳጥን እንዲሞላ ታዘዘ። አክስት ረቡዕ ከሰዓት ከቢሮዋ ወጥታ አልተመለሰችም።

«ከእናትህ ጋር ያለህ ነገር ሁሉ በአክስት እጅ አልፏል» አለው አዲሱ አለቃ። «ብትደውል ሰዎቿ ይመጣሉ። አንተን ስለማያገኙህ ወደ እናትህ ነው የሚሄዱት። እሷን የሚጠብቃት ካንተ ምንም አለመስማቷ ነው።»

«እስከ መቼ?»

አለቃው አዲስ መታወቂያ ገፋ አደረገለት።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ጢሙን ያሳደገ ሰው ጎማ ጠጋኝ በር ላይ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ መሰለ። ትንሽ ራቅ ብሎ በቆመ መኪና ውስጥ ሌላ ሰው ጋዜጣ ይዟል። ገጹን አይገልጥም፤ የሚያየው የማዶውን በር ነው።

ከመንገዱ ማዶ እናቱ ከቤት ወጣች።

የውኃ ታንከሩ አጠገብ ያለው ብሎኬት ላይ ወጣች። ሲግናል የሚገኘው እዚያ ላይ ብቻ ነበር። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። ስልኩን ከፍ አድርጋ ጠበቀች።

አምስት ደቂቃ። አሥር።

ጎረቤቷ ልብስ እያሰጣች ነበር። «ዛሬም አልደወለም እትዬ?»

«ኔትወርኩ ነው» አለች እናቱ።

«አይ ኔትወርክ! ይሄን ታወር ሠራን ካሉ ደግሞ ባሰ አይደል?»

«ባሰ! ልጄን እኮ አውቀዋለሁ። እሱ እየሞከረ ነው።»

ጢማሙ ሰው ኪሱ ውስጥ ያለውን ስልክ በከፊል አውጥቶ አየ። ከቤቷ ጀርባ ያለው የብርቱካኑ ታወር በዚህ ሳምንት ሥራ ጀምሯል። ኤልቲኢ። አምስት መስመር። ሙሉ።

ብሎኬቱ ላይ መውጣት አያስፈልጋትም ነበር።

ታክሲ መጣ። ገባ። በመስኮቱ ሲያያት ስልኩን አሁንም ከፍ አድርጋ ይዛለች።

«ወራጅ የት ነህ ወንድሜ?» አለው ረዳቱ።

«መጨረሻው» አለ። ጋዜጣ የያዘው ሰው ቀና ብሎ አላየውም።